«የሙት ልጅ»፣ «ተጥሎ የተገኘ ልጅ»፣ «የማደጎ ልጅ»፦ ስለ ሦስት ስያሜዎች አተረጓጐም

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ የእንግሊዝ ልብ ወለዶች ያለ ወላጅ ያደገን ልጅ ደጋግመው ባለታሪክ ያደርጋሉ። በብዙዎቹ የታሪኩ ቋጠሮ የልጁ የማንነት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን «የሙት ልጅ» በሚለው አንድ ስያሜ ቢያጠቃልል ቃሉን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ያበላሻል። (ዓመታቱ፣ «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

«የሙት ልጅ»፣ በግእዙ «እጓለ ማውታ»፣ የሚያመለክተው የወላጅን ሞት ነው። በ1847 የታተመው የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ባለታሪክ ወላጆቿ የታወቁ፣ መሞታቸውም የታወቀ ነው፤ ስለሆነም ስያሜው ይስማማታል።

ሄንሪ ፊልዲንግ በ1749 ያሳተመው «ቶም ጆንስ» ግን ከዚህ ይለያል። ሕፃኑ የተገኘው በባለርስቱ በኦልዎርዚ አልጋ ውስጥ ተኝቶ ነው፤ እናቱ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ የተሰወረው ማንነቷ ነው። የመጽሐፉ ሙሉ አርእስት የያዘውን ስያሜ «የሙት ልጅ» ብሎ መተርጐም ደራሲው እስከ ፍጻሜው የሰወረውን ነገር ገና በሽፋኑ ላይ በሐሰት መመስከር ነው። የእንግሊዝኛው ቃል የወጣው «አገኘ» ከሚለው ግስ ሲሆን የሚያስበው ልጁን ያነሣውን ሰው ነው፤ «የተጣለ ልጅ» ግን የጣለውን ይወቅሳል። «የተገኘ ልጅ» ብቻ እንዳይባል ደግሞ «ከእገሊት የተገኘ» ማለት «ከእርሷ የተወለደ» ማለት ስለሆነ ፍቺው ይገለበጣል። ስለዚህ ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ «ተጥሎ የተገኘ ልጅ» ይሻላል፤ እንደ ቶም ላለው ግን «ወላጁ ሳይታወቅ የተገኘ ልጅ» ይበልጥ ይስማማል።

ሦስተኛው ጥያቄ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ አድርጎ ማሳደግ ነው። «ጉዲፈቻ» ከኦሮምኛ የተገኘ ቃል ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ፍርድ ቤት የሚያጸድቀውን ስምምነት ያመለክታል። በእንግሊዝ አገር ግን እስከ 1926 ድረስ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። በ1861 በታተመው የጆርጅ ኤልየት «ሳይለስ ማርነር» ውስጥ ሸማኔው እናቷ በበረዶ ላይ የሞተችበትን ሕፃን ያሳድጋል፤ ከ16 ዓመት በኋላ ወላጅ አባቷ ይጠይቃታል። ሸማኔው የሚያሳየው ሰነድ የለውም፤ ያለው ማሳደጉ ብቻ ነው፤ ፍርዱም ከልጅቷ አፍ ይጠበቃል። «የጉዲፈቻ ልጅ» ብንላት ይህ ሥጋት ይጠፋል። «ማደጎ» ግን «አደገ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ ከማሳደግ በቀር ሌላ መብት አያስገምትም።

እንግዲህ ተርጓሚው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ሞት፣ ስለ አለመታወቅ ወይስ ስለ ማሳደግ እንደ ሆነ ነው።