ሕዋስን ሳይገድሉ መመርመር

ስለ ሕዋስ ኬሚስትሪ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ሕዋሱን ገድሎና ፈጭቶ ነው። ይህ ዘዴ በአንዲት ቅጽበት ምን ምን እንደነበረ ይነግረናል፤ ምኑ ወደ ምን፣ በምን ፍጥነት እየተለወጠ እንደነበረ ግን አይነግረንም። ሜታቦሊዝም ደግሞ ራሱ ለውጥ ነው። የማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ ዋጋም እዚህ ላይ ነው፦ ሕዋሱ ሥራውን ሳያቋርጥ ደጋግሞ ይለካል። በአሠራሩ የኤምአርአይ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኤምአርአይ በዋነኛነት ከውሃና ከስብ ሃይድሮጅን ምስል ሲያወጣ፣ ይህኛው አንድ አቶም በየትኛው ሞለኪውል ውስጥ እንደተቀመጠ ይለያል። በብርቱ ማግኔት ውስጥ ያለ የፎስፈረስ ኒውክለስ በሬድዮ ሞገድ ሲቀሰቀስ መልሶ ምልክት ይሰጣል፤ የምልክቱ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ በአጎራባች አቶሞች ምክንያት በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ በግራፉ ላይ ፎስፎክሪአቲንና ነጻ ፎስፌት ለየብቻ ጫፍ ሠርተው ይወጣሉ፤ የኃይል ተሸካሚው ኤቲፒም በሦስቱ ፎስፌቶቹ ልክ ሦስት ጫፍ ያሳያል። የሕዋሱ አሲድነት ሲለወጥ የነጻው ፎስፌት ጫፍ ቦታውን ይለቃል፤ አሲድነቱ የሚነበበው ከዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ ሙንና ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1973 በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለውን አሲድነት የለኩት በዚሁ መርሕ ነበር።

ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በ1981 ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የማክአርድል በሽታ ያለበትን ሰው ክንድ በማግኔት ውስጥ እያሠሩ መረመሩ። ጤነኛ ጡንቻ በርትቶ ሲሠራ ግላይኮጅንን ሰባብሮ ላክቲክ አሲድ ስለሚያመርት አሲድነቱ ይጨምራል። የታማሚው ጡንቻ ግላይኮጅንን የሚሰብረው ኤንዛይም ስለሚጎድለው፣ እየሠራም አሲድነቱ አልጨመረም። ጉድለቱ ያለ ቢላዋና ያለ መርፌ ታየ።

መሣሪያው ደካማ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር እጅግ ጥቂት የሆነን ነገር ሲያገኝ፣ ይህ መሣሪያ በአብዛኛው ሚሊሞላር ገደማ የሚደርስ ክምችት ይፈልጋል። ነገር ግን ኤቲፒን የመሰሉ የኃይል ተሸካሚዎች በዚያ መጠን ይገኛሉ። ምልክት የሚሰጠውን፣ ግን በተፈጥሮ ከካርቦን 1.1 በመቶ ብቻ የሆነውን ካርቦን 13 በግሉኮስ ውስጥ አብዝቶ ለሕዋሱ መመገብም ይቻላል። በ2003 ይፋ የሆነ ዘዴ ምልክቱን ከ10,000 እጥፍ በላይ አጉልቶታል፤ ጉልበቱ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይከስማል። ለእኔ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በጠባብ ቱቦ የታጨቁ ሕዋሳት ኦክስጅን ያጥራቸዋል፤ ያን ጊዜ የሚለካው ኑሯቸው ሳይሆን ጣራቸው ነው። መልሱ ትኩስ ምግብና ኦክስጅን ያለው ፈሳሽ ሳያቋርጡ ማሳለፍ ነው፤ ይህ ያልተደረገበትን ውጤት በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ብርቅ የሆነ ንጥረ ነገር ለመፈለግ ማስ ስፔክትሮሜትር ይቅደም፤ የአንዱን ሕያው ሕብረ ሕዋስ የለውጥ ፍጥነት ለማወቅ ግን ቀዳሚው መሣሪያ ይህ ነው።