የአዋቂዎች ትርፍ ጊዜ ከቤት ውጭ፦ ከቡልጋሪያ እስከ ካዛንቺስ

በአዲስ አበባ መሐል፣ ከቡልጋሪያ እስከ ካዛንቺስ ባሉት ሰፈሮች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብዙ አዋቂ ከቤቱ ውጭ ይገኛል። ከቤት ውጭ መሆን ግን መንቀሳቀስ ማለት አይደለም። ጀበና ቡና በሚፈላበት ጥላ ሥር፣ በዳማና በከረንቡላ ዙሪያ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት በአመዛኙ የመቀመጫ ሰዓት ነው። ጫት ሲታከልበት ደግሞ የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ማለት አብሮ ይመጣል። ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚሮጡት ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ ወደ ክሊኒካችን በብዛት የሚመጡት ግን እነርሱ አይደሉም።

ታካሚን «ስፖርት ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። «አልሠራም» የሚለው መልስ ግን ብዙ ነገር አይነግረንም። የዓለም የጤና ድርጅት የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ በ16 ጥያቄዎች የሥራን፣ የጉዞንና የትርፍ ጊዜን እንቅስቃሴ ለየብቻ፣ በተጨማሪም በመቀመጥ የሚያልፈውን ሰዓት የሚጠይቀው ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ኢትዮጵያውያን ላይ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ሲሆኑ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለው ከመቶ 16 ገደማ ነበሩ። የመጀመሪያው ቁጥር ሊያዘናጋን አይገባም። አብዛኛው ሕዝብ የሚንቀሳቀሰው በእርሻ፣ በጉልበት ሥራና በእግር ጉዞ እንጂ በትርፍ ጊዜው አይደለምና፣ ሥራውና ጉዞው ሲቀየር የሚተካው ነገር የለውም።

ካዛንቺስ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ምክንያት በርካታ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። በእግሩ ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመላለስ የነበረ ሰው ዛሬ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶቹም ተበታትነዋል። የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ክትትል ያለው እንዲህ ያለ ታካሚ ውጤቱ ሲበላሽ የመድኃኒት መጠን ከመጨመራችን በፊት መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰዱንና አመጋገቡን እንጠይቃለን። «ሰፈር ቀይረዋል ወይ?» የሚለውም ከእነዚህ ጋር ሊጠየቅ ይገባዋል።

ምክራችን ከሰዉ ኑሮ ጋር ቢስማማ ይሻላል። ቡናውን ተዉ ማለት ተገቢ አይመስለኝም፤ ከሰው ጋር መጫወት ራሱ ለአእምሮ ጤና ይጠቅማል። ወደ ቡናው በእግር መሄድ፣ ከታክሲ ቀደም ብሎ መውረድ፣ ከጎረቤት ጋር አመሻሽ ላይ መራመድ ግን ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እየተራመዱ መነጋገር ሲቻል መዝፈን ግን ሲያቅት መጠኑ መካከለኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ እንዲቆይ የሚለውን የቀድሞ ቅድመ ሁኔታ ስላስቀረ፣ አጫጭር ጉዞዎችም ይቆጠራሉ። በመንገድ ኮሪደር ሥራ የሰፉት የእግረኛ መንገዶች ያለ ክፍያ ለዚህ ያገለግላሉ። ሴቶችን ስንመክር ደግሞ እሑድ የቤት ሥራ የሚበዛባቸው መሆኑን፣ ሲመሽ ብቻቸውን መውጣትም እንደሚያሰጋቸው ማሰብ ያስፈልጋል።

ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየን ሰው በአንድ ጊዜ ወደ መስቀል አደባባይ ደረጃዎች መላክ አደገኛ ነው። የደም ግፊቱ ገና ያልተስተካከለ ታካሚ በሜዳ ላይ በዝግታ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨምር፤ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከተሰማው ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ተቋም እንዲመጣ ይነገረው። የስኳር ሕመምተኛ ከመውጣቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ የእግሩን ጣቶች፣ ተረከዙንና የጫማውን ውስጥ ይመልከት።