ስለ ፋብሪካ ማጓጓዣ ቀበቶ መሻሻልና ስለ ሠራተኛ ደኅንነት

የጎጃም ነጋዴ ኑጉን በጆንያ አስሮ በሰው ትከሻ ሲያስጭን የኖረ መሆኑ የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የፊቤላ፣ በደብረ ማርቆስም የደብሊው ኤ የዘይት ፋብሪካዎች ከተመረቁ ወዲህ ግን የቅባት እህል ንግድ ከፋብሪካ ሥራ ጋር ይበልጥ ተሳስሯል። ስለዚህ የእህል ማበጠሪያ ወይም የዱቄት ፋብሪካ ያለው፣ ለማቆምም የሚያስብ ነጋዴ የማጓጓዣ ቀበቶን ጠባይ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

በአሜሪካ የፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሽ መስመር ሲዘረጋ፣ የአንዱን መኪና ሻንሲ ለመገጣጠም ይፈጅ የነበረው 12 ሰዓት ተኩል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ወረደ። ይሁን እንጂ ይህ ትርፍ የተገኘው በፍጥነት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሥራ ከሚቀጥለው ጋር በመመጣጠኑ ነው። ማበጠሪያው በሰዓት 40 ኩንታል ብቻ የሚቀበል ሆኖ ቀበቶው 60 ቢያመጣለት፣ 20ው ኩንታል መሬት ላይ ይፈሳል። ማበጠሪያውን ሳይመለከት ትልቅ ሞተር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በዚህ ነው።

ከእህሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የሠራተኛው እጅ ነው። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሄድ ቀበቶ የአንድን ሰው እጅጌ ቢይዝ፣ ሰውየው ደንግጦ እጁን እስኪስብ ግማሽ ሴኮንድ ቢያልፍ፣ ቀበቶው ግማሽ ሜትር ጎትቶታል። ስለሆነም ቀበቶው ወደ ፑሌጃው የሚገባበት ቦታ በብረት መረብ ይከደናል፤ በመስመሩ ርዝመት ሁሉ ሠራተኛው ከቆመበት ስቦ የሚያቆምበት ገመድ ይዘረጋል።

መብራት በሚቋረጥበት አገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። መብራት ሲጠፋ ቀበቶው ይቆማል፤ ሠራተኛውም ጊዜ አገኘሁ ብሎ የታፈነውን እህል ለመጥረግ እጁን ይሰዳል። በዚያው ቅጽበት መብራት ተመልሶ ሞተሩ በራሱ ቢነሣ እጁን ይዞት ይሄዳል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ መብራት ቢመለስም ቁልፉ እንደገና ካልተጫነ ሞተሩን የማያስነሣ ኮንታክተር ማስገጠም ነው። ለጽዳት የሚገባውም ሰው ዋናውን ማጥፊያ በጓጉንቸር ቆልፎ መክፈቻውን በገዛ ኪሱ ይያዝ። ለዘበኛ ወይም ለአለቃ አደራ መስጠት ጨዋነት ቢመስልም አይገባም፤ አደራ ተቀባዩ ውስጥ ሰው መኖሩን ሊረሳ ይችላልና።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። አስመጪዎችም ማጓጓዣ ሲያዝዙ መከለያው፣ የማቆሚያው ገመድና መለዋወጫ ኩሽኔታዎቹ በፕሮፎርማው ላይ በስም ተዘርዝረው እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ ዋጋው የረከሰው እነዚህ ተቀንሰው ሊሆን ይችላል።