ድመት የምታክል ቀበሮ፣ ሱቅ የሌላት ደሴት
ከሎስ አንጀለስ ብዙም ሳይርቁ ከቤተሰብ ጋር በእግር የሚጓዙበት፣ ድንኳን ተክለው የሚያድሩበትና የዱር እንስሳትን የሚያዩበት ስፍራ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚወሰድባቸው ቦታዎችም የታወቁ ናቸው፤ ሆሊውድ፣ ዲዝኒላንድ፣ የሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳርቻ፣ በመጨረሻም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለችው ‹‹ትንሿ ኢትዮጵያ›› ክትፎና ቡና። እርስዎም የከተማዋ ነዋሪ ከሆኑ ይህን ዙር ስንት ጊዜ እንደዞሩት ያውቁታል።

በዚህ ወር የምንጠቁምዎ ቦታ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ቬንቹራ ወደብ ይደርሳሉ። መኪናዎን አቁመው ጀልባ ይሳፈራሉ። አንድ ሰዓት ያህል በባሕር ላይ ከተጓዙ በኋላ ሱቅ፣ ሆቴልና ምግብ ቤት የሌለበት፣ የሚከራይ መኪናም የማይገኝበት ምድር ላይ ይወርዳሉ። ስሙ ቻነል አይላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። የትም ቦታ ስሄድ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ማስታወቂያና የሚሸጥ ነገር ላይ ነው። ሳንታ ክሩዝ ደሴት ላይ ግን ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ። የመግቢያ ክፍያ እንኳን የለም፤ የሚከፍሉት ለጀልባውና ካደሩ ለድንኳን ቦታው ብቻ ነው። ልጆች ‹‹ግዛልኝ›› የማይሉበት ቀን ማሳለፍ ለወላጅ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

አምስቱ ደሴቶች

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አናካፓ፣ ሳንታ ክሩዝ፣ ሳንታ ሮዛ፣ ሳን ሚጌልና ሳንታ ባርባራ የተባሉ አምስት ደሴቶችን ያቅፋል። ደሴቶቹ ከዋናው ምድር ጋር በየብስ ተገናኝተው አያውቁም። በዚህም የተነሳ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ዕፅዋትና እንስሳት በቅለውባቸዋል፣ ኖረውባቸዋል። የቹማሽ ሕዝብም በእነዚህ ደሴቶች ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖሯል፤ ሳንታ ክሩዝን ‹‹ሊሙው›› ይሏታል። ከጣውላ በሠሩት ‹‹ቶሞል›› በተባለ ታንኳ እየቀዘፉም ከዋናው ምድር ጋር ይገበያዩ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ የምትመቸው ሳንታ ክሩዝ ናት። ከካሊፎርኒያ ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ስትሆን፣ ስኮርፒዮን በተባለው መውረጃዋ አካባቢ የሚጠጣ የቧንቧ ውሃ አለ። አናካፓ ትቀርባለች፤ ነገር ግን ከጀልባ እንደወረዱ ከ150 በላይ ደረጃ መውጣት ይጠብቅዎታል፣ ውሃም የለባትም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትና አባት አትመከርም። ሳንታ ሮዛና ሳን ሚጌል ራቅ ያሉና ነፋስ የሚበረታባቸው ስለሆኑ ልምድ ላካበቱ ተጓዦች ቢተዉ ይሻላል።

የትንሿ ቀበሮ ታሪክ

ሳንታ ክሩዝ ላይ ልጆችዎ መጀመሪያ የሚፈልጓት የደሴት ቀበሮዋን ነው። ቁመቷ ከቤት ድመት አይበልጥም፤ ክብደቷ 2 ኪሎ ያህል ነው። ጀርባዋ ግራጫ፣ ጎኗ ወደ ቀይ ያደላ ነው። ብዙዎቹ ቀበሮዎች ሌሊት ሲወጡ እሷ በጠራራ ፀሐይ ትንጎራደዳለች። በዓለም ላይ ከካሊፎርኒያ ደሴቶች ውጭ የትም አትገኝም።

ይህች እንስሳ ከሃያ ምናምን ዓመታት በፊት ልትጠፋ ተቃርባ ነበር። በ2000 አካባቢ ሳን ሚጌል ላይ 15፣ ሳንታ ሮዛ ላይም 15 ቀበሮዎች ብቻ ቀሩ። ሳንታ ክሩዝ ላይ ከ1,000 በላይ የነበሩት ከ100 በታች ወረዱ። ምክንያቱን ለልጆችዎ ቢነግሯቸው እንደ ተረት ይከታተሉታል፤ አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ የመጣ ጣጣ ነውና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከብት አርቢዎች ሳንታ ክሩዝ ላይ አሳማ አስገቡ። አሳማዎቹ አምልጠው ጫካ ገቡና ተራቡ። በሌላ በኩል፣ እኛ አገር ለወባ ትንኝ ሲረጭ የምናውቀው ዲዲቲ ከዋናው ምድር ፋብሪካ እየወጣ ለዓመታት ወደ ባሕሩ ይለቀቅ ነበር። መርዙ ከዓሣው ወደ ነጭ ራሱ ንስር ተላለፈ፤ የንስሩ የእንቁላል ቅርፊት እየሳሳ ጫጩት ሳይፈለፈል ይሰበር ጀመር። ዓሣ በል የሆነው ይህ ንስር ክልሉን አጥብቆ የሚጠብቅ ነበር፤ እሱ ሲጠፋ ወርቃማው ንስር ከዋናው ምድር መጥቶ ቦታውን ያዘ። ወርቃማው ንስር ሥጋ በል ነው። የአሳማ ግልገሎች ቀለብ ሆኑለት፤ ከግልገሎቹም ጋር ከሰማይ የሚመጣ ጠላት የማታውቀውን ትንሿን ቀበሮ ይለቅም ጀመር።

መፍትሔውም እንደ ችግሩ ሰንሰለት ነበረው። የፓርኩ አስተዳደር፣ የሳንታ ክሩዝ ደሴት ትልቁ ክፍል ባለቤት የሆነው ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለ ድርጅትና ሌሎች ተባባሪዎቻቸው የተረፉትን ቀበሮዎች ሰብስበው በአጥር ውስጥ አራቡ። ከ40 በላይ ወርቃማ ንስሮችን በሕይወት ይዘው ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ ወሰዱ። 5,000 ያህል አሳማዎችን ከደሴቷ አስወገዱ። ነጭ ራሱን ንስርም መልሰው አመጡ፤ በ2006 ሳንታ ክሩዝ ላይ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ የመጀመሪያው የንስር ጫጩት ተፈለፈለ። ቀበሮዎቹ በ2004 በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበው ነበር፤ በ2016 የሦስቱ ደሴቶች ቀበሮዎች ከመዝገቡ ተሰረዙ። በዚያ ሕግ ከተጠበቁ አጥቢ እንስሳት ሁሉ እንደ እነሱ ፈጥኖ ያገገመ አልነበረም።

ደንቡ ለምን ጠበቀ?

ይህን ታሪክ ያስቀደምነው ያለ ነገር አይደለም። ጀልባ ከመሳፈርዎ በፊት ጫማዎን ከአፈርና ከዘር እንዲያጸዱ፣ ሻንጣዎ ውስጥ ጉንዳንም ሆነ አይጥ አለመግባቱን እንዲያዩ ይነገርዎታል። ውሻ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ደሴቱ ላይ የቆሻሻ መጣያ የለም፤ የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀር ይዘው ይመለሳሉ። ሰው ሲሰማው ‹‹ፈረንጅ ደግሞ ያበዛዋል›› ሊል ይችላል።

ግን ይመልከቱ። አናካፓን ያስቸገሯት አይጦች በመርከብ የገቡ ነበሩ። የባሕር ወፎችን እንቁላል እየበሉ ስለፈጇቸው በ2001 እና 2002 በከፍተኛ ጥረት እንዲጠፉ ተደርጓል፤ ከዚያ ወዲህ ወፎቹ ተመልሰው እየጎጆሩ ነው። ሳንታ ካታሊና በተባለችው ጎረቤት ደሴት ደግሞ በ1999 ከውጭ የገባ የውሻ በሽታ አብዛኞቹን ቀበሮዎች ጨርሷል። ደሴት ላይ እንስሳው መሸሻ የለውም። ሰው ሳያስበው ይዞት የመጣ አንድ ነገር ሙሉ ዝርያ ሊያጠፋ ይችላል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የባሌና የሰሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮም በከፍታ ቦታ ላይ ተከቦ የቀረ፣ እንደ ደሴት ነዋሪ የሆነ እንስሳ ነው። እሱንም ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አሜሪካ የተወለዱ ልጆችዎ የደሴቷን ቀበሮ ካዩ በኋላ ስለ ቀይ ቀበሮ ቢነግሯቸው፣ የአገራቸውን እንስሳ ከሥዕል መጽሐፍ ይልቅ በዚህ መንገድ ያስታውሱታል።

በእግር የት ይሄዳሉ?

ከስኮርፒዮን ተነስተው የሚሄዱባቸው መንገዶች ለሁሉም አቅም ይሆናሉ። ትናንሽ ልጆች ካሉ የካቨርን ፖይንት ዙር ይበቃል፤ 2 ማይል (3 ኪሎ ሜትር ያህል) ሲሆን መውጫው ላይ ትንሽ ያስተነፍሳል። ከላይ ሆነው ገደሉንና ባሕሩን ቁልቁል ያያሉ። ጠና ያሉ ልጆች ካሉዎት ወደ ፖቴቶ ሃርበር ይቀጥሉ፤ ደርሶ መልስ 5 ማይል ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ መራመድ ለሚሻ ደግሞ ስመግለርስ ኮቭ አለ፤ ደርሶ መልሱ ከ7 ማይል በላይ ነው፣ ጥላ የለበትም። የገደሉ ጠርዝ የሚናድ አፈር ስለሆነ የልጆችን እጅ ይያዙ፤ ፎቶ ለማንሳትም ወደ ኋላ እየሄዱ አይቁሙ።

ሲራመዱ ዛፎቹን ይመልከቱ። የሳንታ ክሩዝ ሰማያዊ ወፍ ከዋናው ምድር ዘመዷ ትገዝፋለች፣ ቀለሟም ይደምቃል፤ በዓለም ላይ ያለችው በዚህች አንዲት ደሴት ብቻ ነው። ስለዚህ የወፍ ተመልካቾች ከብዙ አገር እሷን ለማየት ብለው ይመጣሉ።

ባሕሩም የራሱ ትርኢት አለው። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች፣ በበጋው ወራት ደግሞ ሃምፕባክ የተባሉትና ከእንስሳት ሁሉ ግዙፍ የሆነው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በአካባቢው ያልፋሉ። ዶልፊኖች ከጀልባው ጋር እየተሽቀዳደሙ ሲዘሉ ማየት የተለመደ ነው። ደሴት ላይ መውረድ ለሚከብዳቸው ወላጆች ዓሣ ነባሪ ለማየት ብቻ ተጉዞ የሚመለስ ጀልባም አለ።

ድንኳንና ስንቅ

ማደር ከፈለጉ የስኮርፒዮን የድንኳን ቦታ ከጀልባ መውረጃው በእግር ግማሽ ማይል ያህል ነው። መጸዳጃ፣ ጠረጴዛና ምግብ የሚቆለፍበት ሣጥን አለ። ሣጥኑን ይጠቀሙበት፤ ቀበሮዎቹ ሌቦች ናቸው፣ ቁራዎቹ ደግሞ የሻንጣ ዚፕ መክፈት ያውቃሉ። ቢያሳዝኑዎትም ምንም አያጉርሷቸው፤ ሰው እጅ የለመደ እንስሳ ዕድሜው ያጥራል።

እሳት ማንደድም ሆነ ከሰል ማያያዝ ክልክል ስለሆነ ዕጣኑንና የሸክላ ጀበናውን ቤት ይተዉት። ቡናውን በትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ በብረት ማፍያ ማፍላት ይችላሉ፤ ጋዝ መያዝዎን ግን ለጀልባው ሠራተኞች አስቀድመው ይንገሩ። በምግብ በኩል እኛ ዕድለኞች ነን፤ አያቶቻችን ለረጅም መንገድ ያዘጋጁት የነበረው ስንቅ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለእግር መንገድ፣ በሶ ለቁርስ፣ ጭኮ ለጉልበት፣ ድርቆሽና ቋንታ ለእራት። ድርቆሹን በሚፈላ ወጥ ማራስ ብቻ ነው። ሁሉም ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ የሚጣል ነገርም የለውም።

ከመነሳትዎ በፊት

• መጀመሪያ ጀልባውን፣ ቀጥሎ የድንኳን ቦታውን ያስይዙ። ጀልባው በፓርኩ ፈቃድ የሚሠራው የአይላንድ ፓከርስ ነው፤ የድንኳን ቦታ የሚያዘው ሪክሬሽን ዶት ጎቭ በተባለው ድረ ገጽ ነው። ለቅዳሜና እሑድ ቀደም ብለው ይሞክሩ።

• የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። ጀልባው ማንንም አይጠብቅም፤ ሲመለሱም ቢያመልጥዎ ደሴቱ ላይ ይቀራሉ።

• የሚያድሩ ከሆነ የአንድ ቀን ትርፍ ምግብ ይያዙ። ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባ ሊቀር ይችላል።

• ባሕር የሚያማቸው ካሉ መድኃኒቱን ከመሳፈራቸው በፊት ይውሰዱ።

• ዕቃዎን ራስዎ ስለሚሸከሙት ማንሳት በሚችሉት መጠን ይክፈሉት። የነፋስ መከላከያ ጃኬት፣ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት አይርሱ።

• ጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሆና ለማየት ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ለመዋኘት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይመረጣል።

• ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትንሽ የቆሻሻ ከረጢት ይስጡ። ይዞት የሄደውን ሁሉ ራሱ ይዞ ይመለስ። የቀበሮዋን ታሪክ በጀልባው ላይ ከነገሩት ለምን እንደሆነ አይጠይቅዎትም።

መልካም ጉዞ!