የሩስፖሊ ቱራኮን ከዘመዱ ስለ መለየት



በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በነገሌ ቦረና፣ በአሬሮና በገናሌ ወንዝ አካባቢ፣ ከአገራችን ውጪ በዱር የማይገኝ አንድ ፍሬ በል ወፍ ይኖራል። የሩስፖሊ ቱራኮ ይባላል። ስሙ የኢጣሊያዊው ልዑል የኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ነው። ልዑሉ በ1893 እ.ኤ.አ. በዝሆን ተገድሎ ሲሞት፣ በሰበሰበው ናሙና ላይ ቦታውም ሆነ ቀኑ አልተመዘገበም ነበር። ሳልቫዶሪ በ1896 ለወፉ ሳይንሳዊ ስም ቢሰጠውም፣ መኖሪያው ሳይታወቅ እስከ 1940ዎቹ ቆየ። (የአገሩን እረኛ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ፍለጋው ባጠረ ነበር።)

ወፉ ሲበር ክንፉ ላይ ደማቅ ቀይ ይታያል፤ ብዙ ጀማሪ ተመልካችም በዚህ ቀለም ተማርኮ ሌላውን ምልክት ሳያስተውል ይቀራል። ቀዩ የሚመጣው ቱራሲን ከተባለ፣ መዳብን በውስጡ ከያዘና በቱራኮ ወገን ብቻ ከሚገኝ ቀለም ነው። አረንጓዴውም ቱራኮቨርዲን የተባለ እውነተኛ ቀለም ነው፤ የአብዛኞቹ ሌሎች ወፎች አረንጓዴነት ግን በላባ ውስጥ የሚበተን ብርሃን ከቢጫ ቀለም ጋር ሲዳመር የሚፈጠር ነው። እንግዲህ ቀይ ክንፍ ወገኑን እንጂ ዝርያውን አይነግረንም።

ዝርያው የሚታወቀው በጭንቅላቱ ነው። በደጋው ደን በስፋት የሚኖረው ባለ ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ጉትዬው ጠቆር ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፤ ከዐይኑ ፊት ነጭ ነጠብጣብ፣ ከጆሮው ወደ አንገቱ የሚወርድ ነጭ መስመርም አለው። የሩስፖሊው ጉትዬ ግን ወተት መሳይ ነጭ ሲሆን ምንቃሩና የዐይኑ ዙሪያ ቀይ ነው፤ የጉንጩ ነጭ መስመር የለውም።

ችግሩ ሁለቱ መዳቀላቸው ነው። ድቅሎቹ የሁለቱንም ምልክት ቀላቅለው ስለሚይዙ፣ ጉትዬ ብቻ አይቶ የሚቆጥር ሰው ንጹሑን የሩስፖሊ ወፍ ከእውነተኛው ቁጥር በላይ ሊያስመዘግብ ይችላል። መኖሪያው ጠባብ ለሆነ ዝርያ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ዝርያው ቀስ በቀስ በዘመዱ ውስጥ እየሟሟ ሳለ መዝገባችን ደኅና ነው ይላል።

ስለዚህ ፍሬ ያፈራ ሾላ ወይም ዝግባ ሥር በትዕግሥት ተቀመጡ። ጉትዬን፣ ጉንጭንና ምንቃርን በየተለያየ ዓምድ መዝግቡ። ሦስቱ ምልክቶች ካልተስማሙ የዝርያ ስም አትስጡት፤ «ድቅል ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ።