ቦይለሩን ማን ይሸከመው?

50 ሊትር የሚይዝ የውሃ ማሞቂያ (ቦይለር) ባዶ ሳለ አንድ ጎበዝ ብቻውን ያነሣዋል። ውሃ ሲሞላ ግን በውሃው ብቻ 50 ኪሎ ይጨምራል። ይህን ሁሉ ሸክም የሚይዙት ጥቂት ብሎኖች ናቸው። ዕቃው የወደቀ ዕለት የሚወቀሰውም ብሎኑ ነው። የወደቀውን ብሎን አንሥታችሁ ብታዩት ግን ብዙውን ጊዜ አልተሰበረም፣ አልታጠፈም። ከነፊሸሩ፣ ዙሪያውን አቧራ እንደለበሰ ተነቅሎ ወጥቷል። የተሸነፈው ግድግዳው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መጀመሪያ ፊሸር እንዴት እንደሚይዝ እንይ። ዛሬ በየሱቁ የምናገኘውን የናይለን ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ነው። ብሎኑ ሲገባ ፕላስቲኩ ወደ ጎን ይሰፋና የቀዳዳውን ዙሪያ ይገፋል፤ ከዚያ ግፊት የሚመጣው ሰበቃ ብሎኑን ያዝ ያደርገዋል። ኮንክሪት ይህን ግፊት ይችላል። የሚፈረፈር ግድግዳ ግን በተገፋ ቁጥር ይደቅቃል፤ ብሎኑ በጠበቀ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። «ወፈር ያለ ፊሸር አስገባበት» የሚለው ምክር ሁልጊዜ የማያዋጣው ለዚህ ነው። ቀዳዳው ውስጥ የሚጠቀጠቀው የእንጨት ስባሪም ሲደርቅ ይኮማተርና ይላላል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ግድግዳውን ከማወቅ ነው። በከተሞቻችን ፎቆች ሕንፃውን የሚሸከሙት ኮለንና ቢሙ ናቸው፤ በመካከል ያለው ብሎኬት ክፍተት መሙያ ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ሲሆን የፊቱ ውፍረት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከላዩ ደግሞ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ልስን አለ። 5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ፊሸር እንግዲህ ግማሹ ልስን ውስጥ ይቀራል ማለት ነው፤ ልስን ደግሞ ሸክም አይቆጠርለትም።

ለማረጋገጥ በቀጭን ፑንታ አንድ የሙከራ ቀዳዳ ብሱ። ድሪሉ በመዶሻ ምት ሳይሆን በመሽከርከር ብቻ ይሥራ፤ ምቱ የብሎኬቱን ፊት ከውስጥ በኩል ይገነጥለዋል። የሚወጣውን ዱቄት ተመልከቱ፦ ነጭ ከሆነ ጀሶ፣ ግራጫ ከሆነ ልስን ወይም ብሎኬት፣ ቀይ ከሆነ ሸክላ ጡብ፣ ቡናማ አፈር ከሆነ ጭቃ ነው። ፑንታው ድንገት ጥልቅ ካለ ባዶው ቦታ ላይ ደርሷል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ሽቅብም ቁልቁልም መብሳት አደጋ አለው፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ በዚያ ያልፋል። ከቧንቧ አጠገብም እንዲሁ ተጠንቀቁ።

ቀጥሎ የሚታየው የሸክሙ አጎታተት ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ቴሌቪዥን በሚዘረጋ ክንድ ተሰቀለ እንበል፤ የክንዱ መያዣ የላይና የታች ብሎኖቹ በ20 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ክንዱ ታጥፎ የቴሌቪዥኑ መሃል ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ፣ የላይኞቹን ብሎኖች ወደ ውጭ የሚስባቸው ኃይል 10 ኪሎ ያህል ነው። እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቢዘረጋ ያው ቴሌቪዥን በ50 ኪሎ ይጎትታቸዋል። ዕቃውን ወደ ግድግዳው ማስጠጋትና የብሎኖቹን የላይና የታች ርቀት ማስፋት፣ ያለ ምንም ወጪ የግድግዳውን ጭንቀት ይቀንሳል።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከሁሉ የሚሻለው ጠንካራውን ቦታ ፈልጎ እዚያ መስቀል ነው። ኮለን ወይም ቢም ከተገኘ ተራ ፊሸር ሳይሆን ለኮንክሪት የተሠራ የብረት ማሰሪያ ይገባል፤ ፑንታው ፌሮ ከነካ ቀዳዳውን ፈቀቅ ማድረግ እንጂ ፌሮውን መቁረጥ አይገባም። በጭቃ ቤት ሸክም የሚችለው ውስጡ ያለው ቋሚ እንጨት ነው። በቀጭን ሚስማር እየወጉ ይፈለጋል፤ እንጨቱም ቢሆን ሚስማሩን እንደ ጭቃው በቀላሉ ካስገባ ምስጥ በልቶታል። ደህና ሁለት ቋሚዎች ከተገኙ በእነሱ ላይ ወፍራም ጣውላ አጋድሞ ማሰር፣ ከዚያ ዕቃውን ጣውላው ላይ መስቀል ነው።

ብሎኬት ላይ ከመስቀል በቀር አማራጭ ከሌለ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በቱቦ የሚሸጠው፣ ባለሙያዎች ኬሚካል የሚሉት ማጣበቂያ ነው። መጀመሪያ ወንፊት መሰል እጅጌ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ማጣበቂያው በወንፊቱ ዓይን አልፎ ባዶው ቦታ ላይ ያብጥና በውስጡ የሚሰካውን ባለ ጥርስ ብረት ይዞ ይደርቃል። ወደ ጎን ስለማይገፋ ግድግዳውን አያደቅቅም። ባዶ ባልሆነ ነገር ግን በሚፈረፈር ጡብ ላይም ያለ እጅጌ ይሠራል፤ ቀዳዳው ግን በብሩሽና በአየር ደጋግሞ መጽዳት አለበት፣ አለዚያ የሚጣበቀው ከአቧራው ጋር ነው። ሁለተኛው መንገድ ግድግዳውን ወዲያ ማዶ ድረስ በስቶ ረጅም ብሎን ማሳለፍና በጀርባው ሰፊ ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ ማድረግ ነው። ያኔ ሸክሙ በአንዲት ቀዳዳ ዙሪያ ሳይሆን በላሜራው ስፋት ልክ ይከፋፈላል። መልክ ለማይታይበት የጓዳ ወይም የውጭ ግድግዳ ከዚህ የተሻለ የለም።

ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ዕቃውን ቀስ በቀስ መሙላት፣ ለጥቂት ቀናትም መከታተል ያስፈልጋል። ከብሎኑ ሥር አቧራ ከረገፈ፣ ልስኑ ዙሪያውን ከተሰነጠቀ፣ ወይም ከማሰሪያው የላይኛው ጠርዝ ጀርባ ወረቀት ማለፍ ከጀመረ ማሰሪያው እየተነቀለ ነውና ዕቃው ወዲያውኑ ይውረድ።

የሙከራው ቀዳዳ አፈር ብቻ የሚያወጣ ከሆነና ወዲያ ማዶ ማሳለፍም ካልተቻለ፣ መስቀሉን መተው ነው። ብረት በያጅ እግር ያለው ማስቀመጫ ይሠራል፤ ክብደቱን ወለሉ ይሸከማል፣ ግድግዳው የሚጠየቀው ዕቃው ወደ ፊት እንዳይደፋ መያዝ ብቻ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. በአፋርና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ረጅም መደርደሪያ ያለው ሰው ከላይ በኩል ቢያስረው ብልህነት ነው።