የሻይ ቅጠልና የአቧራ አዙሪት

«ቶርናዶ አዲስ አበባ ገባ!» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቪዲዮ ባለፈው በጋ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ኮልፌ ቀራኒዮ የማስተምራቸው ልጆችም አሳዩኝ። ጠራራ ፀሐይ፣ ሣር ያልበቀለበት የኳስ ሜዳ፣ እንደ ምሰሶ ቆሞ የሚሽከረከር ቀይ አቧራ። አንድ ፌስታል እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያማትባሉ።

ቶርናዶ አይደለም። ሰማዩን እዩት፤ ደመና የለም። ቶርናዶ የነጎድጓድ ደመና ልጅ ነው፤ ደካማው እንኳ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ኃይለኛው ከ320 በላይ ይነፍሳል። የእኛው የሚነሣው ከጋለ መሬት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ዞሮ ይጠፋል። ችግሩ ግን ሁሉንም «አውሎ ነፋስ» ማለታችን ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌ ክልል ድረስ የዘለቀው፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚለካው ሳጋር የተባለው ማዕበልም በዚሁ ስም ተጠርቷል። ለጥቂት ሜትሩ የሜዳ አዙሪት ሌላ ስም ያሻዋል፤ እኔ «የአቧራ አዙሪት» እለዋለሁ።

አዙሪቱ አቧራውን የሚሰበስበው በሰበቃ እገዛ ነውና አሁን ወደ ሰበቃ ልምጣ። ተማሪዎቼ «እንቅስቃሴን የሚቃወም ኃይል» ብለው ይጽፉና ያበቃል። ታዲያ የሚቃወም ነገር አዙሪትን እንዴት ያግዛል?

ቅጠሉ ያልተጠለለ ሻይ በብርጭቆ ቅዱና አማስሉ፤ ማንኪያውን አውጡ። ቅጠሉ ወደ ዳር ይወረወራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ሻዩ እየረጋ ሲሄድ ግን ቅጠሉ መሃል ላይ፣ ብርጭቆው ወለል ላይ ይከማቻል። ሲዞር ሻዩ ወደ ዳር ስለሚገፋ ዳር ያለው ግፊት ከመሃሉ ይበልጣል። ይህ ግፊት ሻዩን ወደ መሃል ይመልሰዋል፤ ላይኛው ሻይ በፍጥነት ስለሚዞር ይቋቋመዋል። ወለሉን የሚነካው ሻይ ግን በሰበቃ ዝግ ብሏል፣ መቋቋም አይችልም። ስለዚህ ቅጠሉን እየጠረገ ወደ መሃል ይገባል፤ ሻዩ ከዚያ ወደ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ ከብዶት ይቀራል። አንስታይን በ1926 እ.ኤ.አ. የወንዝ መጠማዘዝን ያስረዳው በዚሁ የሻይ ቅጠል ነው።

ብርጭቆውን በሜዳው ተኩት። መሬት የነካው አየር በሰበቃ ይዘገያል፣ ወደ መሃል ይሮጣል፣ አቧራውንና ፌስታሉን ይዞ ይወጣል። አቧራ ከቅጠል ስለሚቀል አይቀርም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። መሬት አጠገብ አየሩ ወደ መሃል መሰብሰቡ አያከራክርም። ሰበቃ የቶርናዶን ዙረት ራሱን ይወልዳል ወይ በሚለው ግን፣ በኮምፒውተር ሞዴል የሚሠሩት ሰዎች ዛሬም አልተስማሙም። ሞዴሎቹ መሬቱን የሚወክሉበት መንገድ ውጤቱን ይለውጠዋልና እኔም አልወስንም። የአቧራ አዙሪት የሚዞረው «መሬት ስለምትዞር ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይዞራል፣ ለመሬት ዙረት እጅግ ትንሽ ነው።

ክፍል ውስጥ በአራት ብርጭቆ ሞከርነው። አንዷ ልጅ «ብርጭቆውም አብሮ ቢዞርስ?» አለች። የሚሽከረከር ወንበር አስመጣን፤ ብርጭቆውን መሃሉ ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ አዞረችው። ቅጠሉ መሃል አልተሰበሰበም። ወንበሩን በእጇ ያዝ ስታደርገው ሻዩ ብቻውን መዞሩን ቀጠለ፤ ቅጠሉም ተያይዞ ወደ መሃል ገባ።